የቶርባ ጥለት

ጨንቻ ከተማ ዳር ያለው የድንጋይ ቤት «የጣሊያን ቤት» ይባላል። ድንጋዩን ከወንዝ ያወጣው፣ በትከሻው ሽቅብ ያመጣው፣ ጠርቦ የደረደረውም የአገሩ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ስሙን የወሰዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዘዙት ናቸው። በለጥሽን ይህ ነገር ሁልጊዜ ያበሽቃታል። ቤቱን በዚያ ስም የጠራ ሰው ካጋጠማት፣ ሕፃንም ይሁን ሹም፣ ጣሊያን ስንት ድንጋይ እንደተሸከመ ሳትጠይቀው አታልፍም።

በጦርነቱ ዘመን የጣሊያን ጦር መምሪያ ነበር። ከላይ ባሉት ክፍሎች መኮንኖቹ ካርታ ዘርግተው በሰው አገር ሲያዝዙ፣ ከታች ግማሹ መሬት ውስጥ በገባው ክፍል ሰው ይታሰር ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ቤቱ ያልሆነው ነገር የለም። ፍርድ ቤት ሆነ፤ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ የእርዳታ ስንዴ መጋዘን ሆነ፤ በመጨረሻ ማንም የማይፈልገው ሆኖ እግራቸው የተሰበረ ሦስት ወንበሮች ቀሩበት። በለጥሽ ጥበቃም ጽዳትም ሆና ቁልፉን ከያዘች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰዎች ምን ይሰረቃል ብላ እንደምትጠብቅ እየጠየቁ ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች። መልስ አጥታ አይደለም፤ መልሱ ለሰው የሚነገር ስላልሆነ ነው።

አያቷ ቶርባ ሸማኔ ነበር። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ጋቢ ተሸክሞ ወደዚያ ቤት ሲገባ ሰው አየው። ሲወጣ ግን ያየው የለም። በዚያው ሰሞን ጫካ የነበሩ ሦስት አርበኞች ተይዘው ተሰቀሉ። ከዚህ በኋላ ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ወሬ መቼ ባለቤት ኖሮት ያውቃል። ቶርባ ለሹማምንቱ ጋቢ ሲሸጥ የወገኖቹንም ስም አብሮ ሸጧል ተባለ። ጣሊያን ሲወጣም አብሮ ወጥቶ በሰው አገር ተንደላቆ ይኖራል ተባለ። ባንዳ ሆኖ ቀረ።

በጋሞ አገር ሰው ሞቶ ካልተለቀሰለት ነገሩ ክፉ ነው። መሞቱ ብቻ ሳይሆን መኖሩም አይቆጠርም። ለቶርባ ሬሳ አልተገኘለትም፣ መቃብር አልተቆፈረለትም፣ ለባንዳ ደግሞ ማን ይቀመጣል? የበለጥሽ አባት አንድም ቀን አገር መርጦ ሃላቃ የሚባለውን አለቃ ሳያደርገው፣ በስብሰባ ዳር ቆሞ እየሰማ አረጀና ሞተ። ወንድሞቿ የሽመና ዕቃቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ወረዱና ሽሮ ሜዳ ቀሩ። እዚህ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እሷንም ጋሻዬ ሲያገባት የእሱ አጎቶች ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ጋሻዬ ግን ያን ቀን እንግዳ ሲቀንስ ምግብ ይተርፋል ብሎ ሳቀ። እስከ ዛሬ «የባንዳ አማች» ሲሉት ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል።

ሽማግሌዎቹን አትወቅሳቸውም ማለት አይደለም፤ በልቧ ስንት ጊዜ ወቅሳቸዋለች። አምና ግን ልቧን አጠንክራ ዱቡሻ ድረስ ሄደች። ዱቡሻ የአገር ጉዳይ የሚታይበት ሜዳ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ይቀመጣሉ፣ ያን ሣር ይዞ የሚዋሽ የለም። ለአያቷ ለቅሶ እንዲቀመጡላት ለመነቻቸው። ጌታነህ የተባሉት ዋናው ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙ ካሰቡ በኋላ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ በወሬ እንደኮነንነው በወሬ አናነጻውም። አንድ በዓይን የሚታይ ነገር አምጪ፤ ያ ከሌለሽ በዓይኑ ያየ አንድ ሰው አምጪ። ያን ዕለት ለቅሶውን እኔ ራሴ እቀመጣለሁ።»

በዓይን የሚታየው ነገር አላት። የማትናገረው መልስ እሱ ነበር።

ትንሽ ልጅ ሳለች አያቷ፣ የቶርባ ሚስት፣ የድንጋዩ ቤት ውስጥ እህል ስትለቅም ይዛት ገባች። ወደ ታችኛው ክፍል አወረደቻትና ጣቷን ይዛ የግድግዳው ድንጋይ ላይ አሳረፈችው። ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች። ከሥራቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣና የሚወርድ መስመር። ከዚያ ሁለት ቀጥ ያሉ፤ በመጨረሻ ደግሞ መሐሏ ላይ የተቆረጠች አንዲት ቀጭን መስመር። በሚስማር ይሁን በዘለበት፣ ለስላሳው ድንጋይ ላይ ተጭሮ፣ ከሥሩ ደግሞ ያው፣ ከሥሩም ያው። «ይህ የአያትሽ እጅ ነው» አለቻት። ቤት ሲመለሱ ከሣጥን ግርጌ አንድ ያረጀ ነጠላ አወጣችና ጠርዙን አሳየቻት። ጥለቱ ያው ነበር። መሐሏ ላይ የተቆረጠችውን መስመር ከቶርባ በቀር የሚሠራት ሸማኔ አልነበረም። ሰውዬው ፊደል አያውቅም ነበር፤ ስሙን የጻፈው በሚያውቀው ነው። በለጥሽ በኋላ ብቻዋን እየገባች በጣቷ ቆጥራዋለች፤ አርባ ነው። አርባ ቀን፣ በየቀኑ አንድ። ጋቢ ለመሸጥ የሄደ ሰው አርባ ቀን እስረኛ በሚቆለፍበት ክፍል አያድርም።

አያቷ ይህን ለማንም እንዳትናገር አስምላት ነበር፤ ወሬውን ያስነሡት ሰዎች ሲያዩት ይፍቁታል ብላ ትፈራ ነበርና። በለጥሽም ፍርሃቷን ከነጠላው ጋር ወረሰች። ለጋሻዬ እንኳ አልነገረችውም። ጋሻዬ ሆዱ ንጹሕ ነው፤ ይሁን እንጂ አፉ መዝጊያ የለውም፣ ጠዋት የሰማውን ገበያው ሳይበተን ያዳርሰዋል።

ሰሊሆም የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ቢሮ ውስጥ በኮንትራት የተቀጠረ የወሊሶ ልጅ ነው። የመንገድ ማስፋፊያው ያረፈባቸውን አሮጌ ቤቶች እንዲመዘግብ ተላከ። የድንጋዩ ቤትም ሊፈርስ ከተጻፈባቸው አንዱ ነበር። በለጥሽ ይህን ስትሰማ ክው አለች። ሦስት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰነበተችና በአራተኛው ቀን ወደ ታችኛው ክፍል ወሰደችው፤ ጣቱን ይዛም ግድግዳው ላይ አሳረፈችው።  ነጠላውን ስታሳየው ልጁ ጠርዙን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ መስመር በመስመር አስተያየው።

በስልኩ ፎቶ ለማንሣት ሞከረ፤ መብራቱ ብልጭ ሲል ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ጭረቱ ይጠፋል፤ ያለ መብራት ደግሞ ጨለማ ብቻ ይወጣል። ጭረቱ በደንብ የሚታየው ጠዋት ከትንሿ መስኮት ፀሐይ በጎን ስትገባ ነው። ጨንቻ ደግሞ በክረምት ፀሐይ የምትባል ነገር አታውቅም። እንግዲህ መስከረም ይጥባ፣ ከመስቀል በኋላ ቅርስ የሚመረምር ኮሚቴ ይዤ እመጣለሁ፣ እነሱ ካዩት ቤቱ አይፈርስም፣ ሽማግሌዎቹም የሚጠይቁት ማስረጃ የመንግሥት ማኅተም ይኖረዋል አላት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት። «እማማ በለጥሽ፣ እስከዚያ ለማንም አይንገሩ። መሬቱን የሚፈልግ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው ሌሊት ገብቶ ቢፍቀው አለቀልን።» እሷም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነገር ከተማረ ሰው አፍ በመስማቷ ልቧ ረጋ።

ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ስለነበር፣ አርባ ምንጭ ነጻ የዓይን ሕክምና ዘመቻ መምጣቱ ሲነገር ሰሊሆም አስመዘገባት። ለእንግዶቹ በገዛ ዓይኗ እያየች ልታሳያቸው ነው። መስከረም ሦስት ቀን ልትወርድ ስትነሣ ቁልፉን ለጋሻዬ ሰጠችው። ከመስቀል በኋላ ትልልቅ ሰዎች ቤቱን ሊያዩ እንደሚመጡ፣ ለእንግዳ እንዲያዘጋጀው ነገረችው። አይጦቹን እንዲያባርር፣ ሸረሪት ድሩን እንዲጠርግ ማለቷ ነበር። ጋሻዬ አታስቢ አላት።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ያረፈችው ሙባረካ ቤት ነው። ሙባረካ ነጠላና ጋቢ በጅምላ የምትገዛ የስልጤ ነጋዴ ናት፤ የበለጥሽን ፈትል ዕድሜ ልኳን ስትወስድ ኖራ ዘመድ ሆናለች። ዓይኗ ታሽጎ ስትተኛ ሾርባ እያጎረሰች ስለ ጨርቅ ዋጋ ስታማርር ቆየች። በለጥሽ በአንድ ዓይኗ ጨለማ ውስጥ ሆና የምታስበው ለቅሶውን ብቻ ነበር። ማን ማን እንደሚጠራ፣ ወንድሞቿ ከሽሮ ሜዳ በየትኛው መኪና እንደሚመጡ፣ ነጠላውን እንጨት ላይ ሰቅላ በሬሳ ፈንታ መሐል ሜዳ እንደምታቆመው አሰበች። ሰማንያ ምናምን ዓመት ያልተለቀሰ ለቅሶ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማሰብ ብቻውን ደስ ይላታል። ደስታ ከተባለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰች። ሚኒባሱ ጥምዝምዙን መንገድ ሲወጣ ከታች ጫሞ ሐይቅ ወለል ብሎ ታያት፤ በአዲሱ ዓይኗ ጀልባዎቹ ሳይቀሩ ይለያሉ። ፊቷን አዞረች። ልጃቸው ትንሳኤ እዚያ ነው የሰጠመው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ዓሣ ሲያጠምድ። መረቡን የገዛለት ጋሻዬ ነበር። ጋሻዬ ያኔ አላለቀሰም። ከሽማግሌ ሽማግሌ እየዞረ ምን ወግ እንደጣሰ ይጠይቅ ጀመር። ጋሞ ጎሜ የሚለው ነገር አለ፤ ሰው የተከለከለውን ሲያደርግ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ መዘዙ በልጁ፣ በከብቱ፣ በማሳው ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ምንም አላገኙበትም። እሱ ግን መፈለጉን አልተወም። አንዳንድ ቀን ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ዛፍ ቆርጬ ይሆን፣ ድንበር ገፍቼ ይሆን ይላል። ከዚያ ወዲህ ሳቁ ጠፋ። ያ አፈኛ ሰውዬ ለቤቱ ዝም አለ።

እና ያን ዕለት ከሚኒባስ ስትወርድ ጋሻዬ ያፏጫል።

ጆሮዋን አላመነችም። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ጢሙ ላይ ኖራ ደርቋል። ዓይኗን ገልብጦ አየላትና ጥሩ ነው፣ ይህንንም ለማየት የተገባ ዓይን ነው ብሎ እጇን ይዞ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ቤት ወሰዳት። መንገድ ላይ አፉ አላረፈም። መስቀል ሲደርስ የራሳቸውን ቤት እንደ ደንቡ መረገ፤ መስቀልን በአሮጌ ግድግዳ የሚቀበል ቤት የለምና። የተቦካ ጭቃ ተረፈው። ለእንግዳ አዘጋጅ ብለሽኝ የለ? አለ። ላይኛው ክፍል ደህና ነበር። ታችኛው ግን ለሰው የሚታይ አልነበረም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ብቻውን ሠራው።

በሩን ከፈተላት። ፀሐይ በትንሿ መስኮት በጎን ገብታለች። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ ለስላሳ፣ እንደተላጨ ፊት።

በለጥሽ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።  መጀመሪያ ያሰበችው ውሃ ነው፤ ጭቃ በውሃ ይለቃል። ከሥሩ ያለው የትም አይሄድም። ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ ጭቃው ድንጋይ ላይ እንዴት እንደያዘለት ጠየቀችው።

«እሱ ነው ሥራው!» አለ ጋሻዬ። «ለስላሳ ድንጋይ ጭቃ አይዝም። መጀመሪያ በመሮ ነቆርኩት። እያንዳንዱን ድንጋይ፣ አንድ በአንድ። አሁን መቶ ዓመት አይወድቅም።»

ጭቃ በለበሰ እጁ ግድግዳውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ ዞሮ አያት። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ የድሮው ሰውዬ ነበር፤ የሠርጉ ቀን የሳቀው። ምን ትል ይሆን ብሎ ይጠብቃል።

«አምሮበታል» አለች።

ያን ምሽት ለሰሊሆም ደውላ ነገረችው፤ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ጋሻዬ ገበያ ሲሄድ ጠብቀው በር አጠገብ ያለውን አንድ ጥግ በእርጥብ ጨርቅ አጠቡት። ኖራው ሄደ፣ ጭቃው ሄደ። ድንጋዩ ፈንጣጣ እንደጨረሰው ፊት ጎድጉዶ ወጣ። ሰሊሆም ሌላ ቦታ ካልሞከርን አለ፤ ሞከሩ፤ ያው ነው። ጋሻዬ እጁ ቸልተኛ አይደለም፣ አንድም ድንጋይ አላለፈም። ልጁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። በለጥሽ እርጥቡን ጨርቅ ይዛ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ለለቅሶው ያስቀመጠችው ነገር ነበር። ማታ ጋሻዬ የታጠበውን ጥግ አየና አይጦቹን እየረገመ መልሶ መረገው።

ኮሚቴው መስቀል ካለፈ በሳምንቱ መጣ። አራት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው እጅጋየሁ የተባለች ረጋ ያለች ሴት ናት። ጋሻዬ የክት ኮቱን ለብሶ ተቀበላቸው። እጅጋየሁ ታችኛውን ክፍል ዞር ዞር ብላ አየች፣ ግድግዳውንም ዳሰሰችና እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ሰው ከተማ ውስጥ እንኳ እንደማይገኝ ነገረችው። ጋሻዬ ደረቱ ተነፋ። ቀጥላ ወደ ሰሊሆም ዞረችና በሪፖርቱ የጻፈው የእስረኛ ምልክት የቱ እንደሆነ ጠየቀችው።

ሰሊሆም አፉን ከፈተ። ከጋሻዬ ኋላ የቆመችው በለጥሽ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ተሳስቼ ነበር አለ። የመስኮቱ ጥላ ነው ያሳሳተኝ አለ። እጅጋየሁ አልተቆጣችም፤ ማስታወሻዋን ዘጋች እንጂ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ቤቱ የቀድሞ ይዞታው ተለውጧል፣ ታሪካዊነቱን የሚያረጋግጥ አሻራ አልተገኘበትም፣ ስለዚህ የመንገዱ ሥራ ሊቀጥል ይችላል። የሰሊሆም ኮንትራትም ሳይታደስ አለቀ። የውሸት ሪፖርት ለጻፈ ልጅ ማን ያድሳል።

ሊሰናበታት ሲመጣ ሻንጣውን ይዞ ነበር። የድንጋዩ ቤት ደጃፍ ተቀመጡ። አንድ ነገር እንዳሰበ ነገራት። ሽማግሌዎቹ የሚታይ ነገር ወይም በዓይኑ ያየ ሰው ነበር ያሉት። የሚታየው ነገር ጠፍቷል። ያየው ሰው ግን አለ።

«እኔ ተሳስቼ ነበር ብያለሁ፣ ማንም አያምነኝም፤ አባባ ጋሻዬ ግን አይተውታል» አለ። «እያንዳንዱን መስመር አይተው ነው ያጠፉት። ሣሩን ይዘው ያዩትን ይናገሩ፤ እርስዎ ነጠላውን ያውጡ። አንድ ዓይነት መሆኑን ማንም ሸማኔ ያያል። ያኔ ለቅሶው ይቀመጣል፣ እማማ።»

እውነቱን ነው። እሷም ይህን ካሰበች ሰንብታለች፤ ሌሊት ሌሊት ስታሰላስለው ነበር። ነገር ግን ነጠላው በወጣባት ደቂቃ ጋሻዬ የነቆረው ግድግዳ ምን እንደነበር ይገባዋል። ያ ግድግዳ መቃብር ነው። ቶርባ ሌላ መቃብር የለውም። መቃብር ያፈረሰ ሰው ጎሜ ያረፈበት ነው፤ በጋሞ ከዚህ የሚከፋ የለም። ሽማግሌዎቹ ያነጹታል፣ በግ ይታረዳል፣ ምርቃት ይደረጋል፤ ሰው ሁሉ ይቅር ይለዋል። እሱ ራሱን ይቅር አይልም። ሦስት ዓመት ሲፈልግ የኖረውን ጥፋት አገኘሁ ይላል። ልጄን የገደልኩት እኔው ነኝ ይላል፤ ቀኑ ባይገጥምም ይላል፣ ሰው ራሱን ሲከስ መቼ ቀን ይቆጥራል። ለሰሊሆም ይህን ሁሉ አላለችውም። ስንቁን ሰጠችው፣ ግንባሩን ሳመችው፣ መኪናው እስኪታጠፍ ቆማ ሸኘችው።

ይሁን እንጂ ዱቡሻው ሲሰበሰብ ነጠላውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደያዘችው ብትጠየቅ አታውቅም። ምናልባት እዚያ ስትደርስ ሌላ ሴት ትሆን ይሆናል ብላ ነው።

ጌታነህ ጉዳይዋን አልረሱም። መንግሥት የላካቸው ሰዎች ቤቱን አይተው ምን እንዳገኙ ጠየቋት። ምንም አላገኙም አለች። ሽማግሌው አዘኑ፤ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እንደ ማጽናኛ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ጋሻዬን ተነሥ አሉት። ግድግዳውን የሠራ እሱ ነው፤ እንግዳ ያላየውን የእጅ ባለሙያ ያያል። ሣሩን ሰጡት።

በለጥሽ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ደረቷ ሄደ።

ጋሻዬ ሣሩን በሁለት እጁ ያዘ። ሊረዳት ይፈልጋል፤ ይህ ከፊቱ ይነበባል። ከተጋቡ ጀምሮ ስለዚህ አያት ስትብሰለሰል አይቷታል፤ አሁን ለእሷ የሚመሰክርላት ነገር ቢኖረው ምንኛ በወደደ። ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ እውነቱን ተናገረ።

«ድንጋዩን አንድ በአንድ በእጄ ነክቼዋለሁ። ጽሑፍ የለም። ስምም የለም። ጭረት ጭረት ነበረበት፤ ልጆች ወይም ሥራ የፈታ ዘበኛ የጫረው። ጭቃ እንዲይዝልኝ ነቆርኩት። ሌላ ያየሁት የለም።»

ጥለት የማያውቀውን የጋሻዬን ቃል ሸማኔዎቹ ሽማግሌዎች ሰሙት። ምን ዓይነት ጭረት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ሰው ቢጠይቅ ነገሩ ሁሉ ከእጇ በወጣ ነበር፤ እሷ ሳትመርጥ በወጣ ነበር። ማንም አልጠየቀም።

«በለጥሽ፣ የምትጨምሪው አለሽ?» አሉ ጌታነህ።

ጋሻዬ ዞሮ አያት። ሣሩ አሁንም በእጁ ነው። ይቅርታ የሚለምን ፊት ነበረው፣ የሚጠቅም ነገር ስላልያዘላት። ነጠላው ከጡቷ በላይ ሲሞቅ ይሰማታል። አያቷን አየቻት፣ ጣቷን ይዛ ድንጋዩ ላይ ስታሳርፈው። አባቷን አየችው፣ ከስብሰባው ዳር ቆሞ። ሁለቱም ምን እንደሚሏት ታውቃለች።

«የለኝም» አለች።

ጉዳዩ ተዘጋ። ጌታነህ ባርከው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ፤ ድንበር የተገፋበት ሰው ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጉም ወርዷል። ጋሻዬ ከፊት ከፊት እየሄደ መሬቱን በዱላው ይቆረቁራል። ሰሞኑን አፉ ተከፍቷልና ዝም ማለት አልቻለም። አትዘኚ አላት። ሰው ባያውቀውም እግዜር ያውቀዋል አላት። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ያ የጫረው ሰው ግን ማንም ይሁን ማን እጁ የታረመ ነበር አለ፤ አርባ አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መጫር ቀላል አይደለም።

«አርባ ነው» አለች በለጥሽ። አፏን ስትይዝ ዘግይታለች። እሱ ግን ልብ አላለም።

«አርባ አንድ ነው። እየነቆርኩ ቆጥሬዋለሁ፣ ሥራው እንዳይሰለቸኝ። አንዱ በሩ ሲከፈት ከሚሸፍነው ጥግ ነበር። በሩን ስነቅል ነው ያየሁት። እሱ ግን አላለቀም፤ ጀምሮ ትቶታል።»

በለጥሽ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት በሩን ከፍታ ዘግታለች። ከአያቷም፣ ከእሷም፣ ከሰሊሆምም በላይ ያየ ሰው ጋሻዬ ብቻ ነው።

«የት ላይ ነው የተወው?»

ጋሻዬ ጥያቄው ገረመው፤ ቢሆንም ዘወር አለና በዱላው ጫፍ እርጥቡ መንገድ ላይ ሣለላት። ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች። ከሥራቸው ጥርሱ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። እዚያ ላይ ዱላው ቆመ።

«ሊወርድ ሲል» አለ። «ሰው የጠራው ይመስላል።»

ከኋላቸው የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ስብሰባው አልቆ በዚያው መንገድ እየመጡ ነው። ሁሉም ሸማኔዎች ናቸው። ጉሙ ውስጥ የነጭ ጋቢያቸው ጠርዝ መታየት ጀመረ። በለጥሽ በሰው እጅ የተሣለውን የመጨረሻውን የአያቷን ጥለት በአዲሱ ዓይኗ አየችው፣ እንዳትረሳው አድርጋ አየችው። ከዚያ እግሯን አንሥታ ጭቃውን አሸችው፤ ምንም እስከማይቀር አሸችው።

«ምን ሆንሽ?» አለ ጋሻዬ።

«አዳለጠኝ» አለች። «እንሂድ፣ ብርዱ ይመጣል።»